ጥቁር ከረሜላ በዝናብ አገር

ባለፈው ሰሞን ልጄን የማያስተኛ ሳል ይዞት፣ ከፋርማሲ የገዛሁለትን ሽሮፕ ከፍቼ ማንኪያ ላይ ሳፈስ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝ፤ የተቃጠለ ስኳርና የእንስላል፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ መረር ያለ ነገር ያለበት፣ በአፍንጫ ገብቶ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ሽታ። ልጁ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ እኔ ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። «እማ፣ ምን ሆንሽ?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ምንም አልሆንኩም፣ እናቴ ማድቤት ደርሼ መጣሁ እንጂ።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ባነበው ሊኮሪስ የሚባል የተክል ሥር እንዳለበት ይናገራል። እናቴ ስሙን አታውቀውም፤ ሥሩን ግን በዝና ታውቀው ነበር፣ ያለ እሱም ያንኑ ጥቁር ከረሜላ እየሠራች የጂንካን ልጆች ሁሉ አስልሳለች። ሌላው ልጅ ከረሜላ እየላሰ ሲያድግ እኔ እየሠራሁ ነው ያደግሁት። ይህን ስናገር ኩራት ኩራት ይለኛል፣ የሚያውቁኝም «ደሞ ጀመራት» ይሉኛል፤ ይበሉ፣ የሚያኮራ ነገር ነው።

እናቴ አስቴር ከማግባቷ በፊት አርባ ምንጭ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ነበረች። እዚያ ጣፋጭ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ከሚሠሩት ሁሉ ሰው የሚሻማበት ደግሞ ጥቁሩ ከረሜላ ነበር፤ ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ የሚመጣ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የወፈረ የሥር ጭማቂ ይጨምሩበት ነበር። አንድ ጊዜ ጭማቂው መምጣቱን ሲያቆም ሽማግሌው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፣ ጣዕሙን በእንስላል፣ ጥቁረቱን ስኳር በማቃጠል ተክተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ከበላተኛውም ልዩነቱን ያወቀ አልነበረም። እማዬ ያን ሁሉ ከማጠቢያው ጎን ቆማ፣ እጇ ሳሙና ውስጥ እንዳለ፣ በዓይኗ ብቻ ተማረችው። ማንም አላስተማራትም፣ እሷም አስተምሩኝ ብላ አልለመነችም።

አባቴ ዮሴፍ ግን የንብ ሰው ነው። ከጂንካ በላይ ባለው የአሪ ደጋ፣ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ አቀበት ላይ፣ በእንሰት የተከበበ ቤት ነበረን፣ ከቤቱ በላይ ባሉት ዛፎች ላይ ሁሉ የእሱ ቀፎዎች ተሰቅለው ነበር። ዝናብ ባባራ ቁጥር ዛፉ ሥር ቆሞ ንቦቹ ሲወጡና ሲገቡ ያያል፣ እግራቸው ላይ የያዙትን ዱቄት ቀለም አይቶ የትኛው አበባ ላይ እንደዋሉ ይለያል፣ ያን ጊዜ ሰው ቢጠራው እንኳ አይሰማም ነበር። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአሪኛ ነው፤ አማርኛ የገበያና የትምህርት ቤት ቋንቋ ነበር። አባዬ አማርኛ ሲናገር ወንዱንም ሴቱንም «ና» ስለሚል፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ከኋላው ሆነን «ና፣ ና» እያልን እንስቅበት ነበር። እሱም አብሮን ይስቅ ነበር።

ችግሩ የመጣው እኔ አራተኛ ክፍልን ስጨርስ ነው። ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት አራተኛ ላይ ያበቃ ነበር፣ አምስተኛ ለመግባት ጂንካ መውረድ ግድ ነው። እኔ ደግሞ አንደኛ ነበር የወጣሁት። እማዬ «ይቺ ልጅ እዚህ አትቀርም» አለች። አባዬ ከተማ አይወድም፤ «ከተማ ገብተን ምን እንበላለን?» አላት። እሷ መልሱን ለዓመታት ይዛው የኖረች ይመስል ወዲያው «ከረሜላ እሠራለሁ» አለችው። አባዬም የሁላችንንም ነገር የወሰነውን ቃል ተናገረ፤ «እንግዲህ አንድ ዓመት እንሞክር። ከረሜላሽ የቤት ኪራዩንና ቀለባችንን ከቻለ ልጆቹ እዚያው ይማሩ። ካልቻለ ግን መስከረም ሳይጠባ ወደ ቤታችን እንመለሳለን፣ ማርታም እስካሁን የተማረችው ይበቃታል።»

ያቺ «ይበቃታል» የምትለው ቃል እንደ እሾህ ተሰክታብኝ ቀረች። አባዬ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም እንዲያ ያለው፤ በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሰፈር፣ ሴት ልጅ አራተኛ ክፍል ከደረሰች ብዙ ተማረች ነው የሚባለው። እኔ ግን አልበቃኝም። ስለዚህ አምስተኛን እየተማርኩ ያን ዓመት ሙሉ ከረሜላ ስጎትት፣ የምጎትተው ስድስተኛ ክፍልን ነበር።

ጂንካ የተከራየነው ቤት ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጥግ ነበር፤ አውሮፕላን የማይመጣ ቀን ከብት የሚግጥበት፣ እኛም ትምህርት ቤት ስንሄድ የምናቋርጠው ሜዳ። የመኸሩ ዝናብ አልፎ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከኅዳር ማለቂያ እስከ የካቲት ድረስ ያለው ደረቅ ወራት የከረሜላ ወቅት ሆነልን። ስኳር የሚገኘው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ፣ ለየቤተሰቡ በሚታደል ልክ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ብዙው ጎረቤት ቡናውን በጨው ስለሚጠጣ የደረሰውን ስኳር ለእማዬ ይሰጣትና ከረሜላ ይቀበላት ነበር። በዚህ ዓይነት ከሰፈሩ ሁሉ እየተሰበሰበ ድስቷን የሚሞላ ስኳር አታጣም ነበር።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ዛሬ የሚያውቀው ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። በመጀመሪያ የእንስላሉ ፍሬ በሙቀጫ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ይደረጋል፣ አይደቅም፣ ከደቀቀ ይመራል፤ ከዚያ ታጥቦ ከተከተፈው ከራሱ ከእንስላሉ ሥር ጋር ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ውሃው የሻይ መልክ እስኪይዝና ሽታው ቤቱን እስኪሞላው ይፈላል፣ በንጹሕ ሻሽም ይጠለላል። ቀጥሎ ወፍራም ብረት ድስት ይጣድና ከስኳሩ ጥቂቱ ያለ ውሃ ይገባበታል። ስኳሩ ይቀልጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይቀላል፣ ይጠቁራል፤ እዚህ ላይ የፈራ ሰው ያወርደዋል፣ እማዬ ግን አትፈራም፣ ጭሱ ዓይን እስኪያስነባ ጠብቃ፣ ልክ ሊያር ሲል የእንስላሉን ውሃ ትቸልስበታለች። ያኔ ድስቱ እንደተቆጣ ድመት ይጮኻል፣ እንፋሎቱ ጣሪያ ይነካል፣ እኛ ልጆች በር ላይ እንድንቆም የምንታዘዘው ለዚህ ነበር። ከዚያ የቀረው ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ ጠብታ የሎሚ ጭማቂ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ማር ይገባበታል፤ ሎሚውና ማሩ የሚገቡት ከረሜላው በኋላ አሸዋ አሸዋ እንዳይል ነው። አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ከዚያ በላይ የለም።

መድረሱ የሚታወቀው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ጠብታው ብርጭቆ ውስጥ ይጣልና ይወጣል፤ በጣት ሲጫኑት ከተጣጠፈ ገና ነው፣ እንደ ሙጫ ከተሳበም ገና ነው፣ በጥርስ ሲነከስ «ቀጭ» ካለ ደርሷል። የሚነክሰው ጥርስ የእኔ ነበር፤ እማዬ የራሷ ጥርስ ያማታል፣ ዳዊትን ደግሞ አታምነውም፣ እሱ ለመላስ ብሎ ያልደረሰውንም ደርሷል ይላል። ከደረሰ በኋላ ቅባት በተቀባ ላሜራ ላይ ይፈስሳል፣ ጠርዝ ጠርዙ ወደ መሃል እየታጠፈ ይቀዘቅዛል፣ እጅ የሚችለው ሲሆን መጎተት ይጀመራል። አባዬ ራሱ ለዚሁ ብሎ የማድቤቱ ምሰሶ ላይ ጠንካራ የእንጨት ኩላብ መትቶልን ነበር። ጥቁሩን ሊጥ እዚያ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ራስ መሳብ ነው፣ ሲረዝም አጥፎ መልሶ መስቀል፣ እንደገና መሳብ፤ መዳፍ ይጋላል፣ ትከሻ ይዝላል፣ ከረሜላው ግን በተጎተተ ቁጥር ያብረቀርቃል፣ ለጥርስም ይቀላል።

መቼ እንደምናቆም የምናውቀው በሰዓት ሳይሆን በመዝሙር ነበር። በዚያን ጊዜ ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ተዘግቶ ስለነበር ሰው መዝሙሩን የሚያንጎራጉረው በየማድቤቱ ነው፤ እማዬም አንድ ረጅም መዝሙር ነበራት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትዘልቀው ከረሜላውም አብሮ ይደርሳል። ደስ ያላት ቀን መዝሙሩን ስለምታፈጥነው «እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ይበላሻል» እያልኩ የምቆጣጠራት እኔ ነበርኩ። መዝሙሩ ሲያልቅ ሊጡ እንደ ገመድ ይመዘዝና በመቀስ እየተቆረጠ የተቆላ ገብስ ዱቄት ላይ ይንከባለላል። እኔን የሚስተካከል ጎታች በዚያ ቤት አልነበረም፣ እማዬ ራሷ ይህን ትመሰክር ነበር።

ያን በጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ጂንካ ገበያ፣ ትምህርት በሌለ ጊዜ ደግሞ በጭነት መኪና ተሳፍረን ካኮና አልዱባ ድረስ እንሄድ ነበር። አልዱባ ላይ ከበናና ከፀማይ አገር ማር፣ ቅቤና ፍየል ይዘው የመጡ ሰዎች መጀመሪያ ጥቁረቱን አይተው ይጠራጠራሉ፣ መድኃኒት ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ እማዬ አንዱን ራሷ አፏ ውስጥ ጨምራ ታሳያቸዋለች፣ ከዚያ በኋላ ጣሳችን ባዶ እስኪሆን አይላቀቁንም። ጎልማሶቹ ለልጆቻችን ነው ብለው ይገዙና ዞር ሳይሉ ይልሱታል። የካቲት ሲያልቅ ቀለባችን ሞልቶ፣ ኪራያችን ተከፍሎ፣ እማዬ ቀና ብላ ትሄድ ነበር። እኔም አባዬን አይቼ በሆዴ «በቃ፣ አሸንፈናል» እል ነበር።

በእኛ አገር ግን ዝናብ የመሃል አገሩን ሐምሌ አይጠብቅም፣ መጋቢት ሲጋመስ ይጀምራል። ከረሜላ ደግሞ ጠላቱ ዝናብ ነው፤ መንጠባጠቡ ብቻ ሳይሆን አየሩ ራሱ ይበቃዋል። ጠዋት «ቀጭ» ያለው ማታ ላይ ያልበዋል፣ በማግስቱ ጎን ለጎን ያሉት ይተቃቀፋሉ፣ የገብሱ ዱቄትም ራሱ ሊጥ ይሆናል። መጀመሪያ ዝናብ በጣለበት ሰሞን አልዱባ ወርደን እማዬ የጣሳውን ክዳን ስታነሳ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ተጋግሮ አንድ ጥቁር ጉማጅ ሆኗል። በበጋው ደንበኛችን የነበረ አንድ የበና ጎልማሳ ትንሿን የእንጨት መቀመጫውን አስቀምጦ ጉማጁን አየና በምትጎረብጥ አማርኛው «ዛሬ ከረሜላ የለም፣ ድንጋይ ነው። መጥረቢያ አለ?» አላት። ገበያው ሳቀ፣ እማዬም አብራ ሳቀች፣ ስትመለስ ግን መኪናው ላይ ጣሳውን በነጠላዋ ሸፍና ያዘችው። አባዬም ቤት ሆኖ ጣሳውን አይቶ ክዳኑን መልሶ ገጠመው፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

ሚያዝያ አልፎ ግንቦት ሲገባ የምንኖረው በበጋው ትርፍ ላይ ነበር፣ እሱም እያለቀ ነው። እማዬ ከገበያው አጠገብ ሱቅ ወደነበራቸው ወደ ጋሽ ከማል ሄደች። ጋሽ ከማል ከመሃል አገር መጥተው ጂንካ የከረሙ ነጋዴ ነበሩ፣ ሲናገሩ ረጋ ያሉ፣ ዕቃ ሲመርጡ ግን እንደ ዳኛ የማይለሳለሱ ሰው። ከረሜላውን ከበጋው ጀምሮ ያውቁታል። «አስቴር እህቴ፣» አሏት፣ «ዕቃሽ ጥሩ ነው፣ ሰው ይወደዋል። ግን ዝናብ ላይ የሚያለቅስ ነገር መደርደሪያዬ ላይ አላስቀምጥም። ክረምቱን ሳይጣበቅ የሚወጣ ሠርተሽ አምጪልኝ፣ ከወጣ ዓመቱን ሙሉ ካንቺ እወስዳለሁ።» እማዬ እየሮጠች ነው ቤት የገባችው። ዓመቱን ሙሉ የሚወስድ ሱቅ ማለት ጂንካ መቅረት ማለት ነበር።

ለዚያ ሥራ ያለንን ስኳር በሙሉ አወጣች፣ የጎረቤትም ተጨመረበት። አባዬ በዚያው ሰሞን ቀፎዎቹን ሊያይ ከወጣበት ደጋ በቅል ሙሉ ማር ይዞ ወርዶ ነበር፤ የዚያ ዓመት ማሩ ነጭ፣ እንደ ቅቤ የረጋ ነበር፣ ሲያወራለት ዓይኑ ይበራ ነበር። ድስቱ ተጥዶ፣ ስኳሩ ጠቁሮ፣ እንስላሉ ተቸልሶ፣ ያቺ አንድ ማንኪያ ማርም ገብታ፣ እማዬ መቀሷን ለማስሞረድ ጎረቤት ደርሳ ልትመለስ «እያማሰልክ ቆይልኝ» ብላው ወጣች። እኔና ዳዊት ትምህርት ቤት ነበርን። አባዬ ድስቱ አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ አሰበ። ያን ሁሉ ስኳር፣ ያን የኅብረት ሱቅ ዕቃ፣ አየና ለእንዲህ ያለ ትልቅ ጉዳይ አንድ ማንኪያ ማር ብቻ መግባቱ እንደ ንቀት ታየው፤ የእሱ ማር የገባበት ነገር ሊበላሽ ይችላል ብሎ የሚያስብ የአሪ ሰው ደግሞ አልተወለደም። ቅሉን አነሳና ግማሹን ለቀቀበት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ብርጭቆው ላይ ጎንበስ እንዳለች ደረስኩና «ንከሺው» አለችኝ። ነከስኩት፣ ጥርሴ ላይ ተጣበቀ። እንደገና አፈላችው፣ አሁንም ተጣበቀ። ማር ሲበዛበት ከረሜላ አይጠነክርም፣ ቢጠነክር እንኳ ውሃ ከአየር ላይ ይጠጣል፤ ይህን እማዬ ታውቃለች፣ ስለዚህ ማንኪያውን ቀምሳ ወዲያው ዞራ ቅሉን አየች። አባዬ «ማር ነው እኮ የጨመርኩበት፣ አፈር አይደለም» አለ፣ ከልቡ ነው የገረመው። ላሜራው ላይ ያፈሰስነው እስከ ማግስቱ ድረስ እንደ ጭቃ ተንጣሎ ቀረ። ዳዊት በዳቦ እየጠቀሰ በላው፣ እንደ እሱ የተደሰተ አልነበረም።

እማዬ ግን አባዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «የማርታ አባት፣ እውነቱን ንገረኝ፣» አለችው፣ «ወደ ቤት ልትመልሰን ብለህ ነው?» እኔም ልቤ ያን ሲጠይቅ ነበር የዋለው። አባዬ አያት፣ እኔንም አየኝ፣ ቅሉን ከድኖ ጥግ አስቀመጠው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዱላውንና የተረፈውን ማር ይዞ መውጣቱን ከዳዊት ሰማን። እማዬ «እንግዲህ የደጋውን ቤት ሊያጸዳልን ሄዷል» አለች። እኔ ያን ሳምንት ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚሉት አይገባኝም ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ከእጄ እየወጣ ነው ብዬ አለቀስኩ፣ ሜዳውን ሳቋርጥ ሰው እንዳያየኝ እንባዬን በዝናብ አሳብቤ።

አባዬ ከሳምንት በኋላ ሲመለስ ጀርባው ላይ ትልቅ ሸክም ነበረው። ማሩን በየቤቱ በስኳር ቀይሮ፣ ያን የሚኮራበትን ነጭ ማር፣ የሚችለውን ያህል ስኳር አምጥቷል፤ ከስኳሩ ሌላ ደግሞ አንድ እስር የደረቀ የኮባ ቅጠልና የሰው ጭንቅላት የሚያክል የንብ ሰም ነበር። ሰሙን እኛ ቤት ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር፣ ማሩ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀር ነገር ነው። አባዬ ከሸክሙ ሳያርፍ እኔን ጠራኝና «ንብ ማሯን ስትጨርስ ምን ታደርገዋለች?» አለኝ።

«ትዘጋዋለች» አልኩት።

«በምን?»

«በሰም።»

«አዎ። ዝናብ የሚያስቸግረው እኛን ብቻ መሰለን እንጂ መጀመሪያ የተቸገረችው እሷ ናት፣ መላውንም አግኝታለች።» ከዚያ ወደ እማዬ ዞረ። «አሁን ሥሪ፣» አላት፣ «ማርሽንም አንድ ማንኪያ አድርጊ። እጄን አላስገባም።»

እማዬ ሠራች፣ እኔ ጎተትኩ፣ መዝሙሩም ሳይቸኩል አለቀ። አባዬ ከእኛ ጎን ተቀምጦ የኮባውን ቅጠል በጣት ልክ እየቀደደ እንፋሎት ላይ ያለሰልሰዋል፣ ሲለሰልስ የሞቀውን ሰም በጨርቅ ይቀባዋል፣ ቅጠሉ ይብለጨለጫል፤ ከረሜላውን አንድ በአንድ መሃሉ ላይ አስቀምጦ ይጠቀልልና ሁለቱን ጫፍ ይጠመዝዛል። እማዬ «ይህን መቼ ነው ያሰብከው?» ስትለው «አቀበቱ ላይ፣ በልብሽ የምትሰድቢኝን እየቆጠርኩ» አላት፣ ያን ጊዜ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። የተጠቀለለውንና ያልተጠቀለለውን ጎን ለጎን አድርገን ጣራው የሚያንጠባጥብበት ጥግ አስቀመጥናቸው። በማግስቱ ያልተጠቀለለው ጥቁር ውሃ ሆኖ ወርዷል። የተጠቀለለውን እኔ ፈትቼ ነከስኩት፣ «ቀጭ» አለ።

ጋሽ ከማል ግን በአንድ ቀን የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። ጥቅሎቹን ተቀብለው ሱቃቸው ውስጥ ካለው ቦታ ሁሉ እርጥበቱ የባሰበትን፣ ጨው እንኳ የማያስቀምጡበትን ጥግ መርጠው ሰቀሏቸው። ሰኔ ዘነበ፣ ሐምሌ ዘነበ፣ እኔ ከትምህርት ቤት መዘጋት በኋላ በሱቁ በር ማለፍ ሥራዬ ሆነ፤ እሳቸውም ሲያዩኝ «ሂጂ፣ ገና ነው» ይሉኝ ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ ሁላችንንም አስጠሩን። ከተሰቀለው አንዱን አውርደው፣ ጥምዝዙን ፈትተው፣ ጥቁሩን ከረሜላ በብርሃን አገላብጠው አዩና ነከሱት። ድምፁ እስከ እኛ ድረስ ተሰማ። «ወላሂ ደረቅ ነው» አሉ፤ «አስቴር፣ ከዛሬ ጀምሮ አምጪ። ቅጠሉም ይሁን፣ ሰው ይወደዋል።» እማዬ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። እኔ አባዬን ቀና ብዬ አየሁት፣ እሱም ጋሽ ከማልን በሁለት እጁ ጨብጦ ሲያመሰግን ነበር።

ቤት ስንገባ አባዬ «እንግዲህ ቃል ቃል ነው፣ እናንተ እዚሁ ናችሁ» አለ። እማዬ «እኛ? አንተስ?» ብትለው «ቀፎዎቹ ሰው ይፈልጋሉ፣ እንሰቱም ይፈልጋል። ሰሙና ቅጠሉስ ከየት ይመጣል?» አላት። በሳምንቱ እኔን ስድስተኛ ክፍል ራሱ ወስዶ አስመዘገበኝና ከትምህርት ቤቱ በር ተነስቶ ብቻውን አቀበቱን ወጣ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁሉ ያ ነበር ኑሯችን። እኛ ታች፣ አባዬ ላይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰምና ቅጠል ተሸክሞ ይወርዳል፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ይገባል፣ የሳምንቱን ጥያቄ ሁሉ በአንድ ቀን ይጠይቀኛል፣ እሑድ ከሰዓት ይመለሳል። ክፍሌን እየቆጠርኩ ስድስተኛ፣ ስምንተኛ፣ ብሔራዊ ፈተና፣ አሥራ ሁለተኛ እስክጨርስ ጥቁሩ ከረሜላ አስተማረኝ፣ ዳዊትንም አስተማረው። የመንግሥት ለውጥ በሆነበት ሰሞን በላስቲክ የተጠቀለለ የፋብሪካ ከረሜላ በየሱቁ እየበዛ መጣ፣ እማዬም ድስቷን ሰቀለች። አልከፋትም፣ «ሥራውን ጨርሷል» ነው ያለችው።

ሥራ ይዤ፣ ራሴን ችዬ፣ አንድ ቀን አባዬን ቀፎ ሲያጥን አብሬው ቆሜ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ያኔ ሰሙን ባታመጣ እኮ ሁላችንም ወደዚህ እንመለስ ነበር። ፈልገህ አልነበረም?»

«በጣም እፈልግ ነበር» አለኝ። ጭሱን ወደ ቀፎው አፍ አደረገ። «ታዲያ እናትሽ የለፋችበት ሲበላሽ እያየሁ ዝም ልበል?»

ጭሱን ይዞ ወደሚቀጥለው ቀፎ አለፈ፣ እኔም ተከተልኩት።

ዛሬ የትምህርት ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ በሥራዬ ምክንያት ያን አቀበት በመኪና እወጣዋለሁ፣ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ ወሬ ሳይጀመር ያልቃል። ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት አሁን አራተኛ ላይ አያበቃም፣ ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል፤ ልጁን ለማስተማር ብሎ ቤቱን ለሁለት የሚከፍል ሰው እዚያ የለም። ያን ዓመት እንደገና ኑሪው ብባል ያንኑ ስድስተኛ ክፍል እመርጣለሁ፣ ይህን ሳላፍር ነው የምናገረው፣ አባዬም ያንኑ ይመርጥልኝ ነበር። ግን የምሳ ደወል ሲደወል ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ በእንሰቱ መሃል እየሮጡ ወደየቤታቸው ሲገቡ፣ አባቶቻቸውም በየደጁ ወንዱንም ሴቱንም «ና፣ ምሳ ቀረበ» ሲሏቸው እሰማለሁ፣ መኪናውም እስኪገቡ ድረስ እንዲጠብቅ አደርጋለሁ። እኔ አባት የነበረኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።